ሽማግሌውና ሙሽሪት

ይድረስ ከእናት ቀጥሎ እናቴ ለሆንሽው ለእታለሜ፤

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ጎንበስ ካልኩ ቀና ማለት ያቅተኛል ብለሽኝ ነበር። አሁንስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ እያልሽ ታልፊዋለሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ ደህና ናቸው? ሳሉ ተዋቸው? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ዛሬም ከሁሉ ቀድማ ተነስታ ቤቱን በእቃ ኳኳታ ትቀሰቅሳለች? ልጆቹስ፣ ታላቂቱና ትንሿ ጩጬ? እኔን ያልሽኝ እንደሆነ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ፣ በልቼ አድራለሁ። ቀጥዬ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ላንቺ ዋሽቼ የት እገባለሁ? ደህና አይደለሁም።

ፊደሌ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ገዝፎ ስታዪው አትሳቂብኝ። በቀጭን እስክሪብቶ የጻፍኩትን መልሼ ማንበብ ስለማልችል በማርከር ነው የጻፍኩት። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። አንቺ ስልክ ስታነሺ ግን ቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ እማዬ ከጎንሽ ሆና እኔም ላናግረው ትላለች፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለእማዬ ሰላምታውን ብቻ አንብቢላት። ጋሼ ግን ይወቁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ክሊኒኩ ምድር ቤት፣ ከመግቢያው በስተግራ ባለው መስኮት ተቀምጬ ለሕመምተኛ ቀጠሮ እሰጣለሁ። ሰው ስሙንና የሚፈልገውን ሐኪም ይነግረኛል፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ክፍት ቀን ፈልጌ እይዝለታለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን አትሜ በመስታወቱ ቀዳዳ አሾልክለታለሁ። ከጎኔ የምትቀመጠዋን ሴት ሁሉም «ቁጭበሉ» ይላታል። ሰው ገና ከበር ብቅ ሲል ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ ስለምትል የወጣላት ስም ነው። አፏ ሬት ነው፤ ልቧ ግን ቅቤ ነው።

ቀጠሮው ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ብራውዘር በሚሉት ፕሮግራም ይከፈታል፤ ታላቂቱ ልጅሽ በስልክሽ የትምህርቷን ነገር የምትፈልግበት ማለት ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ደጁ ያው አንድ ደጅ ነው፤ የምታዪበት መስኮት ግን ይለያያል። እኔ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ አንድ አሮጌ ብራውዘር ነበረኝ። ቁጭበሉ «ሽማግሌው» ብላ ስም አወጣችለት። ጠዋት ጠዋት እስኪነቃ ድረስ እኛ ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ካፖርታችንን ሰቅለን፣ ሰው አምተን እንጨርሳለን። አንዳንድ ቀንም ሰልፉ በተንዛዛበት ሰዓት ቀጥ ይላል፤ አጥፍቶ እንደገና ከማስነሳት በቀር መድኃኒት የለውም።

እኔ ግን እወደው ነበር። ቁልፎቹ ከላይ በአንድ ረድፍ ተደርድረው የያንዳንዳቸው ስም ከሥራቸው ተጽፏል። ፊደሉን አንዴ ካጎላሁት የትኛውንም ገጽ ብከፍት እንደጎላ ይጠብቀኛል። ገጹን ጥቁር፣ ጽሑፉን ቢጫ አድርጌበት ነበር። ቁጭበሉ ባየችው ቁጥር ይሄ የቀጠሮ ነው ወይስ የቀብር ማስታወቂያ እያለች ትስቃለች። ዓይኔን ያሳርፈኛል እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ያኔም ዓይኔ መድከም ጀምሯል። መነጽር ቀየርኩ፤ ደግሞ ቀየርኩ። ከጎኔ የሚመጣ ሰው ከመሬት የበቀለ ይመስል ድንገት ፊቴ ይደቀናል። የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ ደጋግሜ ስለደፋሁባት እኔን ስታይ ባልዲዋን አንስታ ታቅፋለች። አመሻሽ ላይ ከሥራ ስወጣ ግድግዳ ግድግዳውን መሄድ ለመድኩ። ድካም ነው አልኩ። ሰው የሚፈራውን ነገር በስሙ አይጠራም።

አንድ ማለዳ የኮምፒውተር ባለሙያችን መጣና የቀጠሮው አሠራር ታድሷል፣ አሮጌው ብራውዘር ከአዲሱ ጋር አይግባባም አለ። ለኔ እንኳ ተውልኝ ብዬ ለመንኩት። ያረጀ በር ሌባ ያስገባል አለና እዚያው እያየሁት አጠፋው። በምትኩ ያስገባው ከእግሩ እስከ ራሱ ነጭ ነው፤ ጽሑፉም ግራጫ፣ ዳር ዳሩም ነጭ። ቁጭበሉ ወዲያው «ሙሽሪት» አለቻት። ሽማግሌ ተልኮ ሙሽራ ሲመጣ ነው የምናውቀው፤ እኛ ቤት ግን ሽማግሌው ተባሮ ሙሽሪት ገባች ብላ ወረፋ የያዘውን ሰው ሳይቀር አሳቀችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው።

ሙሽሪትን ያለ ስሟ ስም አልሰጣትም። ፈጣን ናት፤ ሽማግሌው አንድ ገጽ እስኪከፍት እሷ አሥሩን ትከፍታለች። ቀጥ ብላ ቆማብን አታውቅም። የረሳሁትን የይለፍ ቃል ታስታውስልኛለች። ሌሎቹ በሁለተኛው ቀን ወደዷት፤ ቁጭበሉ እንኳ ከጎኗ ሆና እየዘፈነች መሥራት ጀመረች። ለኔ ግን ቁልፎቿን ሁሉ በሦስት ነጥብ ሥር ደብቃ ያዘችብኝ። ነጥቦቹ የት እንዳሉ ስፈልግ ሰው ይጠብቃል። ፊደሉን ሳጎላው ገጹ በቀኝ በኩል ያመልጣል፤ «አጽድቅ» የሚለው ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ማያ ውጭ ይወጣና በጭፍን እየጎተትኩ አድነዋለሁ። ነጩ ብርሃን ደግሞ ፀሐይን አፍጥጦ እንደማየት ነው፤ ከሥራ ወጥቼ እንኳ ከዓይኔ አይጠፋም።

ላለመሸነፍ ያልሞከርኩት የለም። ከሁሉ ቀድሜ እየገባሁ ማንም ሳይመጣ ቦታ ቦታውን በጣቴ እንደ ልጅ አጠናሁ። «አጽድቅ» የምትለው በምትወጣበት ጥግ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፍኩ። ይኸው ለመድኳት ብዬ ትንሽ እፎይ ባልኩ ማግስት ሙሽሪት በራሷ ጊዜ ራሷን አድሳ ጠበቀችኝ፤ ቁልፎቹን ሁሉ ቦታ ቀይራለች። ቀዩ ወረቀት ባዶ ቦታ ላይ ቀረ። ያን ዕለት ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ሰው ስለ ብራውዘር ያለቅሳል? ትዪኛለሽ። እኔም ለራሴ እንደዚያው አልኩት።

ቀጥሎ የሆነውን ለመጻፍ ነው አቅም ያጣሁት። አንድ ልብስ ሰፊ ሚስቱን ይዞ መጣ። ልቧን ታማለች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትተነፍሳለች። የመጡት ከሩቅ ነው፤ ምርመራው እንዲፋጠንላት ሐኪም ጽፎላታል። እኔ የፊታችን ሐሙስ ክፍት አገኘሁና ያዝኩላቸው፤ ወረቀቱንም አትሜ ሰጠኋቸው። በአፌም የፊታችን ሐሙስ ብዬ ነገርኳቸው። የተጫንኩት ግን ከሥሩ ያለውን ነበር። ወረቀቱ ላይ የታተመው የሚመጣው ወር ሐሙስ ነው። እነሱ አፌን አመኑና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሐሙስ ዕለት ማለዳ ከች አሉ። ስሟ የለም። ሐኪሙም ቀኑ ሞልቶበታል። ቁጭበሉ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸውና ጣልቃ ልታስገባቸው ላይ ታች አለች። ሴትየዋ እዚያው አግዳሚው ላይ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ከዚያ ራሷ ባሏ ትከሻ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት ነጠላዋን አስተካከለላት። ቀጥሎ ነው የጮኸው። አንስተው ወደ ላይኛው ፎቅ ሲያሮጧት ከፊቴ ሲያልፉ አልታዩኝም፤ የእግራቸውን ኮቴ ብቻ ሰማሁ። ሲረጋጋ ልብስ ሰፊው ተመልሶ መስኮቴ ፊት ቆመ። አልተሳደበም። ወረቀቱን ዘርግቶ፣

«ወንድሜ፣ ሐሙስ አላልከኝም?» አለኝ።

ኃላፊያችን ሁላችንንም ሰበሰበችን። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሁሉም በሙሽሪት ላይ ፈረደባት። አንዱ እኔንም አሳስታኝ ነበር አለ፤ ሌላው ገጹ በራሱ ይንሸራተታል አለ። ባለሙያውም ሊሆን ይችላል ብሎ አንገቱን ደፋ። ኃላፊያችን ነገሩ እስኪጣራ የድሮው አሠራር ለጊዜው እንዲከፈትና እኔ በሽማግሌው እንድሠራ አዘዘች። ደስ አለኝ፣ እታለም። ሴትየዋ ላይ ፎቅ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶ ተኝታለች፣ እኔ እዚህ ታች ደስ አለኝ። ያን ደስታ እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌውን ከፈትኩት። እንደ ወትሮው ተንቀራፎ ተነሳ፤ ጥቁሩም መጣ፣ ቢጫውም መጣ። የመጀመሪያው ሰው ስሙን ነገረኝ። ስሙን ልፈልግ ዓይኔን ጣልኩ። የሚታየኝ የቃል ቁራጭ ነው፤ መሃሉ አለ፣ ዳር ዳሩ የለም። ፊደሉን አጎላሁት። ደግሞ አጎላሁት። አንዱ ፊደል ማያውን እስኪሞላው ድረስ አጎላሁት፤ ከፊደል እስከ ፊደል ስጎትት የቀደመውን እረሳለሁ። ለካ እኔ ሙሽሪትን ስወቅስ፣ ሽማግሌው ቢመለስ እያልኩ ስመኝ፣ ዓይኔ ጥሎኝ እየሄደ ነበር። ሽማግሌው እንደ ጥንቱ ነው። እንደ ጥንቱ ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ሰውዬው ከመስታወቱ ወዲያ አገኘህልኝ? እያለ ይጠይቀኛል። ቁጭበሉ ጎንበስ ብላ ስሙ እኮ ፊትህ ነው ያለው አለችኝ። ከዚያ እጇን በጆሮዬ በኩል ወዲያ ወዲህ አወዛወዘችው መሰለኝ፤ ንፋሱ ነካኝ እንጂ እጇን አላየሁትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

ተነስቼ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁና ሙሽሪት ምንም አላጠፋችም፣ ቀኑን የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ስለማይታየኝ ነው አልኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትናንት ሁሉ ሰው ሲናገር ዝም ብለህ ሰማህ አለችኝ። አዎ አልኩ። ራሷ እጄን ይዛ ዓይን ክፍል ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ጨለማ ክፍል ውስጥ አገጬን ብረት ላይ አሳርፋ፣ ጎድጓዳ ነጭ ነገር ፊቴ አስቀምጣ፣ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፉን ተጫን አለችኝ። መሃሉ ላይ ጥቂት አየሁ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ጠበቅሁ። አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ እንደ ተማሪ ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ሲዘገይብኝ የዳር ዳሩ መች ይጀምራል ብዬ ጠየቅኋት። መብራቱን አበራችና፣

«ጀምሮ አልቋል» አለችኝ።

እታለም፣ በቧንቧ ቀዳዳ ዓለምን እንደማየት ነው አለችኝ። ቀዳዳው እየጠበበ ይሄዳል፤ የሚመልሰው መድኃኒት የለም፤ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። ከቤታችሁ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ አባቴ አለ፣ ኖራ ሲቀባ ዓይኑ ገብቶ አቃጥሎት ነው አልኳት። በአንድ ቀን ነው የጠፋው ወይስ ቀስ በቀስ? አለችኝ። አላውቅም፤ እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ። አንቺ ግን ታላቅ ነሽ፣ ታስታውሻለሽ። ኖራው ከመግባቱ በፊትም አባዬ ሲመሽ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ይሄድ ነበር ወይ? እስቲ እማዬንም ነገር ሳታነሺ፣ ዘወር ባለ አነጋገር ጠይቂልኝ።

ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ሚስቱ አልጋ ላይ ቀና ብላ ተደግፋ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሷ ዓይኖቼን እያየች ከንፈሯን መጠጠች፤ ባሏ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ መጀመሪያ እሷ ትዳን፣ ይቅርታውን ያኔ እንነጋገርበታለን አለኝ። እውነቱን ነው። ቁጭበሉ እንደነገረችኝ ትናንት ሴትየዋ በእግሯ ሄዳ ወጥታለች፤ እሱ ግን በመስኮቴ በኩል አላለፈም።

መስኮቱ ላይ ከእንግዲህ መቀመጥ አልችልም። ኃላፊያችን ስልክ የሚያነሳ ሰው ሆኜ እንድቀር ለበላዮቿ ጽፋለች፤ መልሱ አልመጣም። ባለሙያው አዝኖልኝ ነው መሰለኝ መጣና በጆሮ ማዳመጫ አሰማኝ፤ ሙሽሪት ለካ ገጹን ጮክ ብላ ማንበብ ትችላለች። ሽማግሌው ይህን አያውቅበትም ነበር። ትቸኩላለች፣ ማስታወቂያውንም ቁጥሩንም ሳትለይ ትለፈልፋለች፣ የሰው ስም ስትጠራ ደግሞ ታኝከዋለች። ልለምዳት እየሞከርኩ ነው። ትንሽ ሰምቼ ሆድ ሲብሰኝ ማዳመጫውን ወርውሬ እነሳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ የወረወርኩትን በዳሰሳ ስፈልግ እውላለሁ።

ፍርሃቴን ለማን ልንገረው? ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማደርገው ጣሪያውን መፈለግ ነው። ከትናንት የጠበበ ይመስለኛል፤ እጄን ከጎኔ አምጥቼ የት ላይ እንደምታይ እለካለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ላለማወቅ ስል ዓይኔን ጨፍኜ እለብሳለሁ። አከራዬ ኩርሲዋን ካኖረችበት ስታዛውር ቅስሜ ይሰበራል። ይህ መጠበቅ ከጨለማው ይብሳል፣ ይምጣና ይገላግለኝ የምልበት ጊዜ አለ፤ ወዲያው ደግሞ አይሁን፣ ትንሽ ቆይ እያልኩ እለምናለሁ። ጓዜን ሸክፌ ደጃችሁ ብመጣስ? አንቺ እማዬን፣ ጋሼን፣ ልጆቹን ተሸክመሽ፣ በዚያ ወገብሽ ላይ እኔን ልጨምርብሽ? ምከሪኝ። እኔ ማሰብ አልቻልኩም።

አሁን ግን ወደተነሳሁበት ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። በመጨረሻው ደብዳቤሽ ጩጬ ሲመሽ ውሃ ትደፋለች፣ ከበሩ ጋር ትጋጫለች፣ መምህሯም ደንባራ ናት አለች ብለሽ በሳቅ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም ስቄ ነበር። ያን ደብዳቤሽን ለዓይን ሐኪሟ ስነግራት አልሳቀችም። ይህ ነገር በዘር ይሄዳል፣ አንዱን ዘሎ ሌላውን ይይዛል አለችኝ። እንዲያው ልብሽን ላስደነግጠው አልፈልግም፤ ምናልባት ልጅነት ብቻ ይሆናል፤ ምናልባት ተራ መነጽር የሚያስፈልጋት ትሆናለች። ግን ነገ ከነገ ወዲያ ሳትዪ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ስለ አባዬም ስለ እኔም ንገሪያቸው፤ ዳር ዳሩን እዩላት በያቸው። ቶሎ ከታወቀ ሊጠበቅ የሚችል ነገር አለ ተብያለሁ። ታላቂቱም ትታይ፣ አንቺም ታዪ። የኔን ነገር ተዪው፣ የእሷን ስትሰሚ ግን አንድ ቃል እንኳ ቢሆን ላኪብኝ።

ለጋሼ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ይህን ስትነግሪያቸው አባት ሆነው እንዲያዩልኝ እለምናቸዋለሁ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው ያልደወለው በያት። ታላቂቱን በርቺ በያት፤ ቀለሟ ይግለጥላት። ጩጬን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሲመሽ ወደ ጓዳ ስትልኳት መብራት አብሩላት፣ ካልሆነም እጇን ያዟት። ከእንግዲህ ስትደናቀፍ እያየሽ ሂጂ አትበሏት።

ወንድምሽ

ከተከራየሁት ክፍል፣ የካቲት ፳፩ ቀን